የ«ንጋት» ካፒቴን

ሙሉጌታ ሲደውልልኝ ወልድያ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። «ካፒቴናችን ሄደ» አለኝ። ሙሉጌታ መርሳ አብሮኝ ያስተምር የነበረ የስፖርት መምህር ነው። ቀልድ የሚወድ ሰው ስለሆነ፣ ካፒቴን የምንለው ጋሽ ይመር ሳዑዲ ወንድሙ ዘንድ የሄደ መስሎኝ «ደግሞ የት ሄደ?» አልኩት። ከስልኩ ወዲያ የሴቶች ለቅሶ ሲሰማኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ልቡ ነው አሉ። ሱብሂ ሰግዶ ከመስጊድ ተመልሶ፣ ጋቢውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ አረፈ።

ወረፋዬን ትቼ በባጃጅ መናኸሪያ ሄድኩ፤ ከዚያ የመርሳ ሚኒባስ ያዝኩ። ሲሪንቃ እስክንደርስ አላለቀስኩም። የእርሻ ምርምር ማዕከሉን አጥር ሳይ ግን አልቻልኩም።

አንድ ዓመት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን የማሽላ ሙከራ ለማሳየት እዚያ ወስደናቸው ነበር። ስንመለስ አውቶቡሱ ተነስቶ ትንሽ እንደሄደ ጋሽ ይመር ቆጠረና አንዲት ልጅ ጎደለችበት። ሾፌሩን አስቆመው። «አክስቷ እዚሁ ሲሪንቃ ናት፤ እዚያ ቀርታ ይሆናል» አልነው። «ይሆናል አይበቃኝም» ብሎ ወረደ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ፀሐይ ላይ አስቁሞ፣ ቤት ለቤት እየጠየቀ ሄደ። ልጅቱን አክስቷ ቤት የበቆሎ እሸት እየበላች አገኛት። አልተቆጣትም። ሲመለስ ግን ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። እኔ ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

መርሳ የተመደብኩት ከጦርነቱ በኋላ ነው። ትምህርት ቤቱ ገና መስኮቱ መስታወት የለውም፤ የተሰባበሩት ኮምፒውተሮች አንድ ክፍል ውስጥ ተከምረው ነበር። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ አማርኛ አስተምራለሁ። ጋሽ ይመር ፊዚክስ ነበር የሚያስተምረው፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ የኮቱ ክርን ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ሰው። በእድሜ አባቴ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን «እንዴት አደሩ?» ስለው «ወላሂ አንቱ ካልሽኝ ጠረጴዛ እቀይራለሁ» አለኝ። በዚያው አንተ አልኩት።

አንድ ልማድ ነበረው። ክፍል ሲያበቃም፣ ስብሰባ ሲበተንም፣ ከመምህራን ማረፊያ ስንወጣም በሩ ላይ ቆሞ «የቀረ አለ?» ይላል። ተማሪዎቹ ከኋላው እየሄዱ ድምፁን ያስመስሉበት ነበር። ሽንት ቤት ደጃፍ ላይ ሳይቀር «የቀረ አለ?» ብለው ይሳሳቃሉ። እሱም እየሰማ ያልፋቸዋል። ሌላው ደግሞ መኪና ነው። ሚኒባስ ውስጥ የፊት ወንበር ባዶ ቢሆን እንኳ ኋላ ሄዶ ይጠቀጠቃል። «ጋሽ ይመር፣ ፊት ባዶ ነው እኮ!» ስለው «ለሽማግሌ ይሁን» ይለኛል፤ እሱ ራሱ ሽማግሌ እየሆነ።

የወላጆች ቀን ሲቃረብ ድራማ ጽፎ መጣ። ድራማው ስለ ጠፈር ነው። «ንጋት» የምትባል መንኮራኩር አመድ ከሚዘንብባት ፕላኔት ሸሽታ ትነሳለች። ስትነሳ ከሠራተኞቿ አንዱ እዚያው ይቀራል። ከብዙ ዓመት በኋላ ያ የቀረው ሰው ከቁርጥራጭ ብረት የራሱን መንኮራኩር ሠርቶ፣ በጠፈር መካከል መንገዳቸውን ዘግቶ፣ መሣሪያውን ደግኖ ካፒቴኑን ለምን እንደተወው ይጠይቃል። ጽሑፉ ላይ ስም የለውም፤ «ባላጋራው» ብቻ ነው የሚባለው።

ርዕሰ መምህሩ ራሱን ያዘ። «ምን አለ ስለ ወባ ብትጽፍ? ጤና ጣቢያው አጎበር ይሰጠን ነበር።»

«የሚቀጥለው ዓመት ስለ ወባ፣ ኢንሻአላህ» አለው ጋሽ ይመር።

ቋንቋውን እንዳርም ለእኔ ሰጠኝ። ባላጋራው ለምን ጥለኸኝ ሄድክ ብሎ ሲጠይቅ ካፒቴኑ የሚመልሳት አንዲት መስመር ነበረች፦ «ጠበቅሁህ። አልመጣህም።» ከመላው ጽሑፍ የምታምረው እሷ ናት ብዬ ነገርኩት፤ ከሥሯም አሰመርኩባት። ደስ ያለው አልመሰለኝም። ዛሬ ያቺ ምስጋናዬ ስትታወሰኝ ያሳፍረኛል።

መንኮራኩሯን ከቆርቆሮና ከሳሙና ካርቶን ሠራናት። የተሰባበሩት ኮምፒውተሮች ኪቦርድ መቆጣጠሪያዋ ሆነ። ጥቁር ላስቲክ በምስማር በሳስተን ከኋላው አምፖል ስናበራ ከዋክብት ወጡ። ካፒቴኑ ራሱ ጋሽ ይመር ነው፤ ሙሉጌታ አብራሪ፣ እኔ ደግሞ ሬድዮ ላይ ተቀምጬ «ካፒቴን፣ ትእዛዝህን?» የምል። ሙሉጌታ ባላጋራውን ልሁን ብሎ ለመነው። ጋሽ ይመር እምቢ አለ።

«እሱን የሚጫወተው ውርጌሳ ነው ያለው» አለ። «አናጺ ነው። አብረሽኝ ሂጂ። ብቻዬን ከሄድኩ አያስገባኝም።»

ወደ ውርጌሳ ስንሄድ መንገድ ላይ ነገረኝ። ሰውዬው አበጀ ይባላል። ወልድያ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቱ ነበር። የጋሽ ይመርን ልጆች በጀርባዋ እያዘለች ያሳደገችው የአበጀ እናት፣ እማማ ጥሩ ነበረች። የስኳር በሽተኛ ነበረች። በጦርነቱ ከተማው ባዶ የሆነ ዕለት ጋሽ ይመር ወንድሙ ከሳዑዲ የላከለት ሚኒባስ ነበረው። ሾፌሩ ወደ ቤተሰቡ ሮጦ ስለነበር መሪውን ራሱ ጨበጠ። እማማ ጥሩ ያን ዕለት ዳገቱ ላይ ዘመድ ቤት ነበረች። አበጀ «እናቴን ላምጣ፤ ጠብቀኝ» ብሎት ሮጠ።

«ጠበቅሁት» አለኝ ጋሽ ይመር በመስኮት ወደ ውጭ እያየ። «አልመጣም። ተኩሱ ቀረበ። መኪናው ውስጥ ልጆች አሉ፣ አሮጊቶች አሉ። ሄድኩ።»

«እናቱስ?»

«መድኃኒት ጠፋ። ስንመለስ አላገኘናትም።»

ከዚያ በኋላ ሚኒባሱን ሸጦ መርሳ ገባ፤ አበጀም ወልድያን ትቶ ውርጌሳ ሱቅ ከፈተ። አይነጋገሩም።

አበጀ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ስንገባ በር እየላገ ነበር። ለእኔ «ግቢ» አለኝ፤ እሱን አላየውም። ስለ ድራማው ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ስለ መንኮራኩር መሆኑን ስነግረው በአፍንጫው ሳቀ። ጽሑፉን ተቀበለኝና የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። መጨረሻው ላይ ባላጋራው መሣሪያውን ያወርድና «ይቅር ብዬሃለሁ፤ መንገድህን ቀጥል» ይላል። አነበበው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ጋሽ ይመርን አየው።

«ይቅርታዬን አንተው ጽፈህልኝ መጣህ?»

ጋሽ ይመር ጽሑፉን እጁ ላይ ትቶለት ወደ በሩ ዞረ። ወጥተን ሄድን።

ሳምንት ሳይሞላ አበጀን ራሱን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። «እጫወታለሁ» አለ። «የመጨረሻውን ገጽ ግን ቀድጄዋለሁ።»

«ታዲያ በምን እንጨርሳለን?» አለው ጋሽ ይመር።

«ያን ቀን እናያለን።»

ልምምድ ላይ አንድም ቀን አላረፈደም። የሚናገረውን ሸምድዶ ይናገራል፣ ከሙሉጌታ ጋር ይቀልዳል፣ የተንጋደደውን የመንኮራኩራችንን በር ሳንጠይቀው አቃናልን። ከጋሽ ይመር ጋር ግን ከድራማው ውጭ ቃል አይለዋወጥም። ልምምዱ መጨረሻ ስለሌለው ሁልጊዜ ያው ቦታ ላይ እናቆማለን፤ አበጀ የጠፈር ቆብ ያደረገውን የሞተር ሳይክል ሄልሜት አውልቆ «ደህና ዋሉ» ብሎን ይወጣል። ጋሽ ይመር «አልመጣህም» የምትለው መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁ ያንሳል። «ጋሽ ይመር፣ ከኋላ አይሰማም» እለው ነበር። እኔ ነኝ ጮክ በል ያልኩት።

የወላጆች ቀን አዳራሹ ሞላ። መስኮቶቹን በጥቁር ላስቲክ ሸፍነን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጨለማ ሠራን። ከፊት ወንበር የጋሽ ይመር ባለቤት፣ እትዬ ዘሃራ፣ ከልጆቿ ጋር ተቀምጣለች። ያን ዕለት በዚያ ሚኒባስ ከሸሹት መካከልም ከወልድያ የመጡ ነበሩ። ከዋክብቱ ሲበሩ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሙሉጌታ ኪቦርዱን እየነካ አበረረን። ጋሽ ይመር ከአሮጌ ሚኒባስ በተነቀለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ ሰጠ። ሁሉም እንደ ልምምዱ ሄደ።

አበጀ ገባ። ከቧንቧ የሠራውን መሣሪያ ደገነ። «ካፒቴን! ያቺን ፕላኔት ስትለቅ ማንን ተውክ?» አለ፤ ልክ እንደ ጽሑፉ።

«ጠበቅሁህ» አለ ጋሽ ይመር። «አልመጣህም።»

እዚህ ላይ አበጀ መጮህ ነበረበት። አልጮኸም። ቧንቧውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«መጥቼ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እናቴን አዝዬ መጥቼ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትታጠፍ ስምህን ጠርቻለሁ። ቦታ የለም ብትል ይገባኝ ነበር። ፈራሁ ብትልም ይገባኝ ነበር። ‹ጠበቅሁት፣ አልመጣም› ብለህ ለሰው ሁሉ ለምን ተናገርክ? እህቴ ኮምቦልቻ ሆና ‹አንተ ነህ ዘግይተህ እናታችንን ያስቀረሃት› ብላ ስልኬን አታነሳም።»

ጠፈር ላይ ኮምቦልቻ ምን ትሠራለች? ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ቆመ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለ አበጀ። «በስፖኪዮ አየኸኝ ወይስ አላየኸኝም?»

ጋሽ ይመር ወንበሩን ጨብጦ ተቀምጧል። ጥቁሩ ላስቲክ በነፋስ ሲንቋቋ ይሰማኛል። ሙሉጌታ አየኝ፤ እኔም አየሁት፤ ምን እንደምናደርግ አናውቅም።

«አየሁህ» አለ ጋሽ ይመር።

ከዚያ ተነስቶ ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ ያ ሁልጊዜ የሚያንሰው ድምፁ እስከ ኋላ ተሰማ። «አይቼዋለሁ። እማማ ጥሩን አዝሎ ነበር። ነጠላዋ ይታየኝ ነበር። እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበረ፤ አልረገጥኩትም። ከዚያም አልመጣም አልኩ። ዘግይቶ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ሌላ የምለው አጥቼ፣ ከልማድ የተነሳ «ካፒቴን፣ ትእዛዝህን?» አልኩ። ማን እንደሆንኩ እንደጠፋበት ሰው አየኝ።

«ትእዛዝ የለኝም» አለ።

አበጀ ሄልሜቱን አውልቆ ኪቦርዶቹ ላይ አኖረና በሕዝቡ መሐል አልፎ ወጣ። ግማሹ ሰው ድራማው ያለቀ መስሎት አጨበጨበ። የወልድያዎቹ አላጨበጨቡም። ሙሉጌታ መጋረጃውን ጎተተ።

እትዬ ዘሃራ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ደረቱን በሁለት እጇ ያዘችው። «ጎንህ ተቀምጬ ነበር እኮ! ‹አበጀ ይታያል ወይ?› ብዬ ጠይቄህ ነበር እኮ! ‹ማንም የለም› አልከኝ!»

«ልጆቹን አቅፈሽ ታለቅሺ ነበር» አላት።

የተናዘዘ ሰው ይቀለዋል ይላሉ። ጋሽ ይመርን አልቀለለውም። በሚኒባሱ ከሸሹት ሰዎች ጥቂቶቹ ቤቱ ድረስ መጥተው «አንተ ብትቆም ሁላችንም እናልቅ ነበር» ብለው ሊያጽናኑት ሞከሩ። አንዲት አሮጊት እጁን ሊስሙት ጎንበስ ሲሉ እጁን እንደ እሳት ቀማቸው። «እማማ፣ እባክዎ! በእርስዎ ላመካኝ አይገባኝም» አላቸው። ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው ቆመው ቀሩ። በከተማው ሰላምታ የነሱት ሰዎችም ነበሩ። በእነሱ አልተቀየመም። እንዲያውም የሚሻለው እነሱ ዘንድ ይመስለኝ ነበር። እኛ የምንወደው ሰዎች በደግነታችን ስናስጨንቀው፣ እነዚያ ቢያንስ እውነቱን እንዳወቁ ያሳዩታል።

ከድራማው በኋላ ባለው ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ ኮምቦልቻ ሄደ። የአበጀ እህት አልጋነሽ መጀመሪያ ማን እንደሆነ አላወቀችውም አሉ። በሩ ላይ እንደቆመ ነገራት። የደረሰባትን ሁሉ አወረደችበት፤ ጎረቤት ወጥቶ እስኪያይ ድረስ። ጨርሳ ስትደክም «አሁን ወንድምሽ ዘንድ ደውይ» አላት። ደወለች። አበጀ ስልኩን አንስቶ እህቱ ስታለቅስ ሲሰማ፣ ማን እንዳስደወላት አልጠየቃትም።

ከዚያ ወዲያ «የቀረ አለ?» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ክፍል ሲያበቃ ጠመኔውን ኪሱ ከቶ ዝም ብሎ ይወጣል። ተማሪዎቹም ማስመሰሉን ተዉ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ብቻችንን ሆነን «እንዴት ነህ ጋሼ?» አልኩት። «የጻፍኩት ድራማ እኮ አበጀ ይቅር እንዲለኝ አልነበረም፤ ይቅር እንዲለኝ ነው ብዬ ነበር ራሴን ያታለልኩት» አለኝ። «ውሸቴን ሕዝብ ፊት በእሱ አፍ ላስመርቅ ነበር። አላህ አሳፍሮኝ አዳነኝ።» ይህን ሲል አላዘነም፤ የፈተና ውጤት እንደሚነግር መምህር ነበር የተናገረው።

እኔ ወደ ወልድያ ተዛወርኩ። እየደወልኩ እጠይቀው ነበር፤ እየቆየ መደወሉን አበዛሁት ማለት አልችልም። መጨረሻ የደወልኩለት መቼ እንደሆነ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ላስታውስ ሞክሬ አቃተኝ።

መርሳ ስደርስ ወንዶቹ ለቀብር ሄደዋል። ከሴቶቹ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። እትዬ ዘሃራ እጄን ይዛ አጠገቧ ሳበችኝ። ወንዶቹ ከዙህር በኋላ ሲመለሱ በመካከላቸው አበጀን አየሁት። ሱሪው እስከ ጉልበቱ አፈር ነው፤ መቃብሩን ሲቆፍሩ ገብቶ ኖሯል። የጋሽ ይመር አስከሬን ከቤቱ ሲነሳ ቃሬዛውን ከያዙት አንዱም እሱ እንደነበረ ሙሉጌታ ነገረኝ።

ስንወጣ ከአበጀ ጋር እስከ አስፋልቱ አብረን ሄድን። እሱ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና፣ እኔ ወደ ወልድያ እንጠብቃለን። መጠየቅ እንደማይገባኝ አውቃለሁ፤ ግን ጠየቅሁት።

«ጋሽ አበጀ፣ ይቅር ብለኸው ነበር?»

«አልጠየቀኝም» አለ። «አንድ ቀን እንኳ ይቅር በለኝ ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ ኖሮ አባርረው ነበር።» አፈሩን ከእጁ ላይ አራገፈ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄ ይመጣ ነበር። በሩ አጠገብ ይቀመጣል። አላናግረውም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ተነስቶ ይሄዳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣል። ሰው ‹ማነው ይሄ?› ሲለኝ ‹ጎረቤቴ ነበር› እላለሁ። አንድ ቀን ረዥም ሳንቃ ስቆርጥ ጫፉ አስቸገረኝ። ሱቅ የሚያግዘኝ ልጅ አልነበረም። ‹ያዝልኝ› አልኩት። ተነስቶ ያዘልኝ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የሚይዝልኝ እሱ ሆነ።»

«ስለ እማማ ጥሩ አወርታችሁ አታውቁም?»

«አንድ ጊዜ። ስትሳደብ እንዴት እንደነበረች አስመሰላት፤ ሁለታችንም ሳቅን። መሳቄ አናዶኝ ውጣልኝ አልኩት። ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ።»

ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ረዳቱ «ውርጌሳ! ሐይቅ! ደሴ!» እያለ ይጣራል። አበጀ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ዞረ።

«ዛሬ ጠዋት ደውለው ሳይነግሩኝ በፊት ሳንቃ እየቆረጥኩ ነበር። ሰዓቱ ደርሷል፤ መጥቶ ተቀምጧል ብያለሁ በልቤ። ጫፉ ሲወዛወዝብኝ ዞር ሳልል ‹ያዝልኝ› አልኩ።» ረዳቱ ትከሻውን ነካው፣ እንዲገባ። «ሳንቃው ሲወድቅ ነው ዞሬ ያየሁት» አለኝና ገባ።